ሲሮጡ የታጠቁት

በሕይወቴ ያየኋቸውን ብልህ ሰዎች የሚያመሳስላቸው አንድ ጠባይ አለ። በሞቀ ሰዓት ራሳቸውን አያምኑም። ተናደው አይወስኑም። ብር እጃቸው በገባበት ቀን ለማንም ቃል አይገቡም። ደስ ብሏቸው እንኳ ቸኩለው "ይሁን" አይሉም። ትልልቁን ነገር ቀድመው፣ ልባቸው ረጋ ባለበት ሰዓት ጨርሰው ያስቀምጡታል።

ሞኝ የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ ደግ ነው። ታታሪም ነው። ከብልሁ በላይ የሚለፋ ሞኝ አይቻለሁ። ግን ሁሉንም ነገር የሚያስበው ከደረሰበት በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች። እኔ ደሴ ላይ ለትናንሽ ነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ፤ ይህን ተረት በየመዝገቡ በቁጥር ተጽፎ አነበዋለሁ። የሱቅ መዝገብ የባለቤቱን ጠባይ ከጎረቤቱ በላይ ያውቃል።

ነገሩን ከገበሬው ልጀምር፤ ብልሃቱን የተማርነው ከእሱ ነውና።

የወሎ ደጋ ብዙው በልግ ጠባቂ ነው። ደላንታ፣ ዋድላ፣ ኩታበር፣ የደሴ ዙሪያ ደጋው ሁሉ። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ይጠበቃል። አንዳንድ ዓመት ይመጣል። አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ከሁሉም የሚከፋው ጀምሮ፣ ዘር አስዘርቶ፣ መሐል ላይ ሲቆም ነው። ታዲያ በዚህ ዝናብ ላይ ኑሮውን የመሠረተ ገበሬ ዘሩን የሚለየው መቼ ነው? ገና እህሉ ከአውድማ ሲገባ። ቤቱ ጠግቦ፣ ልጆቹ እየሳቁ ሳለ። "ይሄ የዘር ነው" ይባልና ለብቻው ይታሰራል። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሰው ያንን ዕቃ እንደ ምግብ አያየውም።

ውሳኔው ጎተራው እስኪራቆት አይቆይም። ልጁ እየራበው "ዘሩን ልንካው ወይስ ልተወው" እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገት አባት ቢሸነፍ ማን ይፈርድበታል? በዚያ ሰዓት ትክክል ማሰብ ለማንም ይከብዳል። ስለዚህ ክርክሩ ቀድሞ ያልቃል፣ በጥጋብ ወር።

በ1966 እና በ1977 ግን ወሎ ውስጥ ዘሩም ተበልቷል፣ የእርሻ በሬውም ተሸጧል። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ስለ ስኬትና ስለ ልማድ የሚጽፉ ብዙዎች ድሀውን በድህነቱ ይወቅሱታል። "ቢቆጥብ ኖሮ፣ ቢያቅድ ኖሮ" ይላሉ። ያናድደኛል። ያ ገበሬ አቅዶ ነበር። ዘሩን ለይቶ አስሮ ነበር። ዝናቡ ጥሎት፣ መንግሥትም ጥሎት ነው ማሰሪያውን የፈታው። መልካም ልማድ ሰውን የሚጠብቀው እስከ አንድ ድንበር ድረስ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን የልማድ ጉድለት ማለት ግፍ ነው። እዚህ የምጽፈው ድንበሩ ውስጥ ስላለው፣ ምርጫ ስላለን ነገር ብቻ ነው።

ከደላንታ ሳልወጣ አንድ ልጨምር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ይወጣል። ወጣቶች ከገደሉ ወገብ ላይ ጠባብ ዋሻ እየቆፈሩ ይገቡና በእጅ መሣሪያ ይፈለፍሉታል። ዋሻው ይናዳል፤ ሕይወት የጠፋበት ሥራ ነው። ድንጋዩ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ውሃ ይጠጣል። ሲነከር ያ የሚንቦገቦግ ቀለሙ ይደበዝዝና ብርሃን አሳላፊ ይሆናል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል። ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ የሚሰነጠቅም አለ። ስለዚህ ሥራው የገባው ነጋዴ እርጥብ ድንጋይ አይመዝንም። ያስቀምጠዋል፣ ይጠብቀዋል፣ ደግሞ ያየዋል። የቸኮለው ውሃ በግራም ይገዛል።

ይህ የገዢው ወገን ነው። የሻጩ ወገን የበለጠ ልብ ይነካል። ወር ሙሉ ቆፍሮ ምንም ያላገኘ ልጅ በአንድ ቀን አይቶት የማያውቀውን ብር ይይዛል። ያን ዕለት ማታ ደሴ ወርዶ ሆቴል ይይዛል፣ ጓደኛ ይሰበሰባል፣ ሒሳቡን እሱ ይዘጋል። በሳምንቱ ተመልሶ ዋሻ ይገባል። አልፈርድበትም። ሞት አፋፍ ላይ ውሎ የወጣ ልጅ ትንሽ መደሰት አማረው። ግን ከዚያው ሰፈር የማውቀው አንድ ልጅ ሌላ መንገድ ነበረው። ገና ምንም ሳያገኝ ከእናቱ ጋር ተስማምቷል። የሸጠ ዕለት ብሩን በሙሉ ለእሷ ይሰጣል። "እማ፣ እሑድ እስኪያልፍ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።" ለምኗታልም። አልሰጠችውም። ዛሬ ወገል ጤና ላይ ሱቅ አለው። ድንጋዩን ለሁለቱም የሰጠው ያው ገደል ነው፣ ጉልበታቸውም ያው ነው። የዚህኛው ብር ግን እስኪበርድ የሚቆይበት ቦታ ነበረው።

እቁብን የምወደው ለዚህ ነው። "ዘንድሮስ እቆጥባለሁ" ከሚል የእንቁጣጣሽ ቃል ይልቅ ሰኞ ሰኞ ሱቅህ በር ላይ የሚቆም እቁብ ሰብሳቢ ይበልጥብኛል። ቃሉን የሰጠኸው ለራስህ ከሆነ ከራስህ ጋር ትደራደራለህ። ለእቁብ ዳኛው ከሆነ አትደራደርም። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል፤ ይህንንም ብዙ ሰው እንደ ጥርጣሬ ያየዋል። እኔ ለሰውየው ራሱ የሚደረግ እርዳታ አድርጌ ነው የማየው። ብሩን ከወሰደ በኋላ መክፈል እንደሚከብደው ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ክብደቱ ሳይመጣ በፊት ሰው ተቀመጠበት።

አሁን ብር ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ወዲህ መላክም መክፈልም የጣት ሥራ ሆነ፣ ብድሩም እዚያው አለ። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ገበሬው ገበያ ሲሄድ ጥሬ ብር በወገቡ አስሮ አይጓዝም። ሆኖም በፍላጎታችንና በብራችን መካከል የነበረው መንገድ አጠረ። ድሮ ባንክ ተሰልፈህ እስኪደርስህ "ይቅርብኝ" የምትልበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ የማውቃቸው አስተዋይ ነጋዴዎች መንገዱን ራሳቸው አስረዝመውታል። የሱቁ ብር በአንድ ሒሳብ፣ የቤቱ በሌላ። ለራሳቸውም ደመወዝ ይቆርጣሉ፤ ከመሳቢያው አይመዙም። መዝገብ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ የመጀመሪያው ልዩነት ይሄ ነው። መሳቢያና ኪስ የተቀላቀለበት ሱቅ ምን ያህል እንዳተረፈ ባለቤቱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅለትም።

ሁለተኛው ልዩነት ስልክ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነውና።

ዱቤ ያለበት ሰው የመክፈያው ቀን ሲደርስ ብር የለውም እንበል። ይህ በማንም ይደርሳል። ብልሁ ከቀኑ በፊት ይደውላል። "ጋሼ፣ የነገዋ ቀጠሮ አልሞላችልኝም። ግማሹን ነገ አስገባለሁ፣ ቀሪውን ለሐሙስ ያቆዩልኝ።" ያፍራል፣ ግን ይደውላል። ሌላው ስልኩን ያጠፋል። መጥፎ ሰው ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ኀፍረቱ ስለበለጠበት ነው። ነገ ብር ይገኛል፣ ያኔ እደውላለሁ ይላል። ነገም አይገኝም። ሳምንት ያልፋል። አሁን ዕዳው ሁለት ሆነ፤ ብሩና ዝምታው። ብሩ በኋላ ተከፍሎ ያልቃል። ስልኩ ዝግ የነበረበት ሳምንት ግን ከጅምላ አከፋፋዩ ልብ አይወጣም።

ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በ2014 በዓይናችን አየን። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንት ሱቅ ተዘረፈ። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ መደርደሪያው ባዶ፣ በሩ የተገነጠለ ነበር። ዕቃውን ገዝቶ ለመጀመር ብር ያለው ጥቂት ነው። ሒሳብ ከምሠራላቸው መካከል ቶሎ የተነሱት ሀብታሞቹ አልነበሩም። "ዕቃ ልላክልህ፣ ስትሸጥ ትከፍላለህ" የተባሉት ናቸው። እነማን ናቸው ብዬ መዝገቡን ሳገላብጥ ያው ከቀኑ በፊት የሚደውሉት ሆነው አገኘኋቸው። ለዚያ ቀን ብለው አልነበረም የሚደውሉት። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

በሥራ ላይ ሌላም ብዙ ልማድ አለ፤ ማልዶ መነሳት፣ ሰዓት ማክበር፣ ደንበኛን በፈገግታ መቀበል። ሁሉም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ተብሏል። አልደግመውም።

ወደ ሰውና ሰው ግንኙነት ልለፍ። ወሎዎች ተፋቅረው ይኖራሉ፣ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን ይህን እንደ ተፈጥሮ፣ እንደ ደማችን ጣፋጭነት አድርጎ ማውራት ሥራውን ያስረሳል። ፍቅሩ ሥራ አለው። ድግሱን ተመልከቱ። ሰርግ ሲታሰብ ገና ጠሪ ሳይላክ የሚነሳው ጥያቄ "ማን ያርዳል?" የሚለው ነው። ክርስቲያኑ ደጋሽ ከሆነ በጉን ወይም በሬውን ገዝቶ፣ ቅቤውንና በርበሬውን ጨምሮ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። እነሱ በራሳቸው ሥርዓት ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፣ እንግዶቻቸውን ያስተናግዳሉ። ሙስሊሙ ሲደግስም እንደዚያው። ቢላው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ የሚያስተናግዱት ሰዎች ቀድመው የታወቁ። በሰርጉ ቀን ማንም "ይሄ የማን ሥጋ ነው?" ብሎ አይጠይቅም፣ ማንም አይሸማቀቅም። ሁሉም በአንድ ዳስ ተቀምጦ ይበላል፣ ይጨፍራል።

ሊያጣላ የሚችለው ነገር በደንብ ይታወቃል። ስለሚታወቅም ወር ሲቀረው መልስ ይሰጠዋል። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። በዚያ ሰሞን በሰፈራችን ስብሰባ የሚጠራ ሰው ሰዓቱን ከመናገሩ በፊት የቅዳሴውንም የማፍጠሪያውንም ሰዓት ያሰላ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ሲደረግ እያየ ያደገው ነው።

ትዳር ውስጥስ? ወደ ሴቷ ቤት ሽማግሌ ሲላክ በዕለቱ መልስ የሚሰጥ ቤተሰብ የለም። "እንመካከርበት፣ በሳምንቱ ተመለሱ" ይባላል። ልጁን ቢወዱትም፣ ጉዳዩ ከጓዳ ያለቀ ቢሆንም ይባላል። ወጣቶች ይህን ከንቱ ወግ ይሉታል። እኔ ግን ለጋብቻ የምንሰጠውን ሳምንት ለጠብም ብንሰጠው እላለሁ። ባልና ሚስት በሌሊት፣ ደክሟቸው፣ ተርበው የሚጨቃጨቁት ጭቅጭቅ ጠዋት ላይ ግማሹ ቦታ የለውም። የማውቃቸው አንድ ባልና ሚስት ደንብ አላቸው። ከእራት በኋላ ስለ ብርና ስለ ዘመድ አያነሱም። ለዚያ የቅዳሜ ቡና አለ። አቦሉ ላይ ቅሬታው ይወጣል፣ ቶናው ላይ ይበርዳል፣ በረካው ሳይደርስ ብዙ ጊዜ ወሬው ወደ ልጆቹ ዞሯል። ደንቡን ያወጡት ተጣልተው አይደለም፤ ሲዋደዱ ነው ያወጡት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል ነበር። አሁን ከአፍ የወጣው ይቀዳል። የተናደደ ሰው ቮይስ ይልካል፣ ቮይሱ ለእህት ይላካል፣ ከእህት ለአክስት። እርቁ ከወረደ በኋላም ድምፁ በሰው ስልክ ውስጥ ይኖራል። በፌስቡክ ላይ ስለ ትዳሩ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ወንድሙ የሚጽፍ ሰው ሳይ እሳሳለታለሁ። የነገ ልቡ ከዛሬ ልቡ ጋር እንደማይስማማ ማን በነገረው።

አንድ ነገር ደግሞ ወሎ ውስጥ ካልተነሳ ጽሑፉ ጎደሎ ነው። ዐረብ አገር። ሪያድም፣ ጅዳም፣ ቤይሩትም እህት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ልጅቷ በሰው ቤት ተንበርክካ የወለወለችበት ብር ቤት ይመጣል፤ ስትመለስ ብዙ ጊዜ የለም። ወንድም ሞተር ገዝቶበታል፣ አጎት ተበድሮታል፣ ድግስ በልቶታል። ሌቦች ስለሆኑ አይደለም። ብሩ በመጣ ቁጥር አዲስ ችግር ይኖራል፣ ለችግሩም እምቢ የሚል ሰው የለም። እሷም ናፍቆት ስላለባት፣ ስልኩ ላይ እናቷ ስታለቅስ እየሰማች "ይሁን፣ ውሰዱት" ትላለች።

አንዲት ጎረቤታችን ግን ከመሄዷ በፊት፣ ፓስፖርቷ እንኳ ሳይወጣ፣ ቤተሰቡን ቡና አፍልታ ሰብስባ ነገሩን ቆረጠችው። ይህን ያህሉ የወር ወጪ ነው፣ ለእማዬ ይደርሳል። የተረፈው በእኔ ስም በባንክ ይቀመጣል። ሕመም ከመጣ እማዬና ታላቅ እህቴ ተነጋግረው ይወስናሉ። ከሕመም ውጭ ላለው እኔ እስክመጣ ማንም አይጠይቀኝ፣ ብስማማም አትቀበሉኝ። ይህን የመጨረሻውን ቃል ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል። "ብስማማም አትቀበሉኝ።" ገና አውሮፕላን ሳትሳፈር የናፍቆቷን ጉልበት ገምታ ነበር። ወንድሟ ያኔ አኩርፏል። ስትመለስ ከሁሉም ቀድሞ የተቀበላት እሱ ነው፤ ዛሬ የእሷ ወፍጮ ቤት ውስጥ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ስል ግን ማዘግየትን እያሞገስኩ እንዳይመስልብኝ። "እንመካከርበት" የሚለው ቃል የፈሪ መደበቂያም ይሆናል። የቀን ሠራተኛ ማታ ሊከፈለው ሲገባ "ነገ ና" የሚባለው ነገር ያመኛል። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባው ሰው ሽማግሌ እስኪላክ ሲጠብቅ አያለሁ። የታመመ ወዳጁን "ይህች ሥራ ትለቅልኝና" እያለ ሳይጠይቀው የሚቀብር አለ። እነዚህ ዛሬ የሚደረጉ ናቸው። ወጪን፣ ጠብንና ቃል መግባትን ማቆየት፤ ደመወዝን፣ ይቅርታንና ሰው መጠየቅን ማፋጠን። እኔ እስካሁን ያየሁት ብልሃት ይህን ያህል ነው። ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ይኖረዋል። ለመስደብ ይፈጥናል፣ ለመክፈል ይዘገያል።

ቅሬን እዩት። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው በሞተ ሰዓት ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ መቃብር የሚቆፍሩት ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ውሃና እንጨት ይዘው ይመጣሉ። ለቅሶ የደረሰበት ቤት ምንም አያዝም፣ ምንም አይጠይቅም። ፍጥነቱ የሚያስገርመው እንግዳ ሰውን ነው። እኛ ግን ወር በወር ያዋጣነውን፣ ተራችንን፣ ቀርቶ የሚቀጣውን እናውቃለን። አንዳንዱ ቅጣቱን ያማርራል። ሐዘንተኛው ቤት ውስጥ አንድ ቀን የተቀመጠ ሰው ግን ሁለተኛ አያማርርም።

በሰፈራችን አሁን ክርክር ላይ ነን። ወርሃዊው መዋጮ ይጨመር የሚሉ አሉ፣ ኑሮው ከብዷል ይቆይ የሚሉ አሉ። የሁለቱም እውነት ነው። እኔ ይጨመር ከሚሉት ነኝ። አቅም ለሌላቸው አባወራዎች ደግሞ የቀድሞው መዋጮ ይቀጥል ብዬ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ድንኳኑ አርጅቶ ያፈሳል፣ ክረምት ሳይገባ መቀየር አለበት። እሑድ ከሰዓት ስብሰባ አለ፤ የመጣ ሁሉ ይናገራል።